ከሴንሰሩ በፊት መስመሩ፦ የንግድ ሕንፃ መብራትን በቁጠባ የመቆጣጠር ዝርዝር መመሪያ

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለሕንፃ ባለቤቶች፣ ለሕንፃ አስተዳዳሪዎችና መስመር ለሚዘረጉ ኤሌክትሪሽያኖች ነው። በምሳሌነት የያዝኩት አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የምናየውን ዓይነት ሕንፃ ነው። ከታች ቤዝመንት ፓርኪንግ አለ። ግራውንዱና አንደኛ ፎቁ ሱቅ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለቢሮ የተከራየ ነው። ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ መጸዳጃ ቤቱና የውጭ መብራቱ የጋራ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። መብራት መቆጣጠር ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ሴንሰር መግዛትን ነው። ሥራው ግን ከመስመሩ ይጀምራል። አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አዳራሹን ሙሉ የሚያበራ ከሆነ፣ ምርጥ የተባለ ሴንሰር ቢገጠምለትም አዳራሹን ሙሉ ከማብራትና ከማጥፋት ሌላ የሚያደርገው ነገር የለም። መስመሩ በአግባቡ ከተከፋፈለ ግን ተራ ማብሪያ ማጥፊያ እንኳ ብዙ ይቆጥባል።

ምን ያህል ይቆጥባል ለሚለው፣ አሜሪካ የሚገኘው የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ቀደም ሲል የተሠሩ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ሰው መኖሩን የሚያዩ ሴንሰሮች የመብራት ፍጆታን በአማካይ 24 በመቶ ይቀንሳሉ። የቀን ብርሃንን የሚከተል ቁጥጥር 28 በመቶ ይቀንሳል። ዘዴዎቹ ሲጣመሩ ደግሞ 38 በመቶ ይደርሳል። ይህ አምፖል ወደ ኤልኢዲ በመቀየር ከሚገኘው ቁጠባ የተለየ ነው። እናንተ ስንት እንደምታተርፉ የሚነግራችሁ ግን የራሳችሁ ቆጠራ ነው።

1. ሕንፃውን ቀንም ማታም ዙሩ

ደብተር ያዙና ሕንፃውን ሁለት ጊዜ ዙሩት። አንዱን ቀን 6 ሰዓት ላይ፣ ሌላውን ማታ 3 ሰዓት ላይ። የቀኑ ዙር ፀሐይ እያለ የሚበራውን ያሳያችኋል። የማታው ዙር ሰው ሳይኖር የሚበራውን ያሳያችኋል።

ለእያንዳንዱ ክፍል የመብራቱን ዓይነት፣ ብዛቱን፣ ዋቱን፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚበራ፣ ማን እንደሚያጠፋውና ከየትኛው ብሬከር እንደሚመገብ ጻፉ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ጊዜ ትወስዳለች። በብዙ ቦርዶች ላይ ብሬከሮቹ ስም የላቸውም፤ ቢኖራቸውም አሁን ካለው የክፍል አከፋፈል ጋር አይገናኝም። አንድ ሰው ቦርዱ ጋ ይቁም፣ ሌላው ወለሉ ላይ ይሁን፣ በስልክ እየተነጋገራችሁ አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ለዩ። ይህን ያልሠራ ሰው በኋላ ኮርኒስ ከፍቶ ሲፈልግ ይውላል።

አንድ ነገር አብራችሁ ለዩ፦ የትኛው መብራት በተከራዩ ቆጣሪ ላይ ነው? የትኛውስ በጋራ ቆጣሪ ላይ? ባለቤቱ በራሱ ገንዘብ ሴንሰር ገጥሞ ቁጠባው ለተከራዩ ከሆነ ሥራው መሃል ላይ ይቆማል። ስለዚህ የእኔ ምክር ከቤዝመንቱ፣ ከደረጃው፣ ከኮሪደሩና ከውጭ መብራቱ ጀምሩ ነው። የእነሱን ሂሳብ የሚከፍለው ሕንፃው ራሱ ነው። ረጅም ሰዓት የሚበሩትም እነሱ ናቸው።

አሁን አስሉ። ቤዝመንቱ ውስጥ 50 ባለ 4 ጫማ ፍሎረሰንት አለ እንበል። እያንዳንዱ 36 ዋት ነው። አሮጌው ባላስት (ለፍሎረሰንቱ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ) የሚበላው ሲጨመርበት ወደ 45 ዋት ይጠጋል። በድምሩ 2,250 ዋት ማለት ነው። ቀንና ሌሊት ከበራ በቀን 54 ኪሎዋት ሰዓት፣ በዓመት 19,710 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በ18 ዋት ኤልኢዲ ሲተካ የቀኑ ፍጆታ ወደ 21.6 ይወርዳል። ከዚያ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከአራት መብራት አንዱ ብቻ ይብራ ብትሉ ተጨማሪ 6.75 ይቀንሳል። ከ54 ወደ 14.85 ወረዳችሁ ማለት ነው። እስካሁን ሴንሰር የሚባል ነገር አልገዛችሁም፤ የገዛችሁት ኤልኢዲና አንድ ታይመር ነው። የቀነሳችሁትን ኪሎዋት ሰዓት በመብራት ኃይል ደረሰኛችሁ ላይ ባለው ታሪፍ አባዙት። ታሪፉ ባለፉት ዓመታት ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለመጣ ስሌቱን በድሮ ደረሰኝ አትሥሩ።

2. ብርሃኑን ለኩ

የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ማብራት ራሱ ቁጥጥር ነው። ብርሃን የሚለካው በለክስ ነው። የአውሮፓ የሥራ ቦታ መብራት ደረጃ ለሚጻፍበትና ለሚነበብበት የቢሮ ጠረጴዛ 500 ለክስ፣ ለእንግዳ መቀበያ 300፣ ለመጸዳጃ ቤት 200፣ ለኮሪደር 100፣ ለመኪና ማቆሚያ 75 ለክስ ይጠይቃል። የስልክ አፕሊኬሽን ግምት ይሰጣል እንጂ አትመኑት። ርካሽም ቢሆን የለክስ መለኪያ ግዙ። ሲለኩ መሣሪያው ሰው በሚሠራበት ከፍታ፣ ማለትም ጠረጴዛው ላይ ይሁን።

ኮሪደር ላይ 300 ለክስ ካገኛችሁ ከሦስት መብራት ሁለቱን መቀነስ ወይም ዋቱን ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ይህ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም።

3. መጀመሪያ ኤልኢዲ፣ ግን በጥንቃቄ

ፍሎረሰንት ላይ ሴንሰር መግጠም አልመክርም። ፍሎረሰንት ቶሎ ቶሎ ሲበራና ሲጠፋ ዕድሜው ያጥራል። ኤልኢዲ ግን ይህን ይችላል።

የድሮውን ፍሎረሰንት አቃፊ ይዛችሁ ቱቦውን ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ ባላስቱን ከመስመሩ አውጡት። ስታርተሩንም ጭምር። ባላስቱ እዚያው ከቀረ ኤሌክትሪክ መብላቱን አይተውም። የቱቦው ወረቀት ላይ ያለውን የመስመር ሥዕል ሳታዩ አትግጠሙ፤ ፌዝና ኒውትራል (ኃይል የሚመጣበትና የሚመለስበት ሽቦ) በአንድ ጫፍ የሚገቡበትም በሁለት ጫፍ የሚገቡበትም ዓይነት አለ።

አዲስ ፓናል የምትገዙ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ወስኑ፦ ብርሃኑ እንዲደበዝዝ ትፈልጋላችሁ ወይስ መብራትና መጥፋት ብቻ ይበቃችኋል? ድራይቨሩ (ለኤልኢዲው የሚስማማ ኃይል የሚሰጠው ዕቃ) ለመደብዘዝ ካልተሠራ ዲመር (ብርሃን ማደብዘዣ) ስታገናኙበት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ቶሎም ይቃጠላል። ዋጋው ረክሶ የተገኘ ድራይቨር በኋላ ሙሉ ወለል እንደገና ያስቀይራል።

4. መስመሩን ክፈሉ

ልባችሁን ሰጥታችሁ እንድትሠሩት የምፈልገው ይህን ክፍል ነው።

አብዛኛው ሕንፃ ውስጥ የአንድ ቢሮ መብራቶች ከበሩ ወደ መስኮቱ በሚሄድ ረድፍ ነው የተገናኙት። አንዱን ማብሪያ ስትጫኑ በሩ አጠገብ ያለውም መስኮቱ ሥር ያለውም አብረው ይበራሉ። መሆን ያለበት በተቃራኒው ነው። ረድፉ ከመስኮቱ ጋር ትይዩ ይሁን። መስኮቱ ሥር ያለው አንድ መስመር፣ መሃሉ ሌላ መስመር፣ ውስጠኛው ሦስተኛ መስመር።

የቀን ብርሃን ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ በግምት ለማወቅ ከወለሉ እስከ መስኮቱ የላይኛው ጫፍ ያለውን ቁመት ለኩና በሁለት አባዙት። ጫፉ 2.5 ሜትር ላይ ከሆነ እስከ 5 ሜትር ድረስ ያለው ቦታ ቀን ላይ አብዛኛውን ጊዜ መብራት አያሻውም። አዲስ አበባ በዚህ በኩል ታድላለች። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የአውሮፓ ሕንፃዎች በክረምታቸው የሚያጡትን ብርሃን እኛ ዓመቱን ሙሉ እናገኘዋለን። የሐምሌ ደመና እንኳ መስኮት ሥር ያለውን ጠረጴዛ ሙሉ በሙሉ አያጨልመውም።

አንድ ችግር ግን አለ። ሙሉ በሙሉ መስታወት የለበሰ፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነ ቢሮ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ግቡ። መጋረጃው ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ መብራቱ ሁሉ በርቶ ታገኙታላችሁ። ፀሐዩ ዓይን ይወጋልና ሰዎቹ አይፈረድባቸውም። እዚህ ቦታ የብርሃን ሴንሰር ከመግጠማችሁ በፊት የመጋረጃውን ነገር ፍቱት። አግዳሚ ስንጥቆች ያሉት፣ ብርሃኑን ወደ ኮርኒሱ የሚያዞር መጋረጃ ተመራጭ ነው።

በተረፈ እንዲህ ክፈሉ። መጸዳጃ ቤት ለብቻው፣ ዕቃ ቤት ለብቻው፣ የስብሰባ ክፍል ለብቻው። ኮሪደርና ደረጃ ላይ ከሦስት ወይም ከአራት መብራት አንዱን በተለየ መስመር አውጡ፤ እሱ የሌሊት መብራት ይሆናል። ቤዝመንት ላይ የመግቢያውና የመውጫው መወጣጫ ለብቻው፣ መሃል መንገዱ ለብቻው፣ መኪና የሚቆምበት ለብቻው። የአደጋ ጊዜ መብራትና የመውጫ ምልክት ግን በምንም ዓይነት ሴንሰር ወይም ታይመር ሥር አይግቡ። በዚህ ነጥብ ላይ ድርድር የለም።

5. ለየቦታው የሚስማማውን ምረጡ

ሰው መኖሩን የሚያዩ ሴንሰሮች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ፒአይአር ይባላል። የሰውነት ሙቀት ሲንቀሳቀስ ያያል። በመስታወት ውስጥ አያይም። ወደ እሱ ቀጥ ብሎ የሚመጣን ሰው ዘግይቶ ያያል፤ በፊቱ አቋርጦ የሚያልፈውን ግን ፈጥኖ ይይዛል። ሁለተኛው ማይክሮዌቭ ነው። በመስታወትና በስስ ጂፕሰም ውስጥ ያልፋል።

ይህ ልዩነት በእኛ ሕንፃዎች ውስጥ ትልቅ ትርጉም አለው። ቢሮዎቻችን በአልሙኒየምና በመስታወት ነው የሚከፋፈሉት። አዳራሹ መሃል የተሰቀለ አንድ ፒአይአር መስታወቱ ወዲያ ያለችውን የሂሳብ ሠራተኛ አያያትም፤ እየሠራች መብራቱ ይጠፋባታል። ማይክሮዌቭ ብታደርጉት ደግሞ ኮሪደር ላይ ሰው ባለፈ ቁጥር ባዶ ቢሮ ይበራል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ የተከፋፈለ ክፍል የራሱ ፒአይአር መስጠት ነው።

መጸዳጃ ቤት። የክፍሎቹ ግድግዳ ኮርኒስ ካልነካ መሃል ላይ የተሰቀለ ፒአይአር ይበቃል። ኮርኒስ ከነካ ማይክሮዌቭ ይሻላል፤ ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ግን ለየክፍሉ ለብቻ መግጠም ይኖርባችኋል። የቆይታ ጊዜውን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አድርጉት። ሰው ውስጥ ሆኖ መብራት የጠፋበት መጸዳጃ ቤት ሴንሰሩን ያስጠላል፤ የተጠላ ሴንሰር ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ይነቀላል።

የግል ቢሮና የስብሰባ ክፍል። ሰው ሲገባ ራሱ ያብራው፣ ሲወጣ ሴንሰሩ ያጥፋው። ሲገባ የቀኑ ብርሃን ከበቃው ሳያበራ ይቀመጣልና ሁሉንም በራሱ ከሚያበራው ዘዴ የበለጠ ይቆጥባል። ለቢሮ የምወደው ይህን ነው።

ደረጃ። ሙሉ በሙሉ አታጥፉት። የሌሊት መብራቱ ሁልጊዜ ይብራ፣ የቀረው በሴንሰር ይምጣ። ሰው ደረጃ ላይ ሳለ መጨለም የለበትም።

ቤዝመንት። ጣሪያው ዝቅ ያለና ምሰሶ የበዛበት ስለሆነ አንድ ሴንሰር ሩቅ አያይም። ውስጣቸው ማይክሮዌቭ ያላቸው፣ ሰው ሲጠፋ ወደ 20 ወይም 30 በመቶ የሚደበዝዙ ቱቦዎች እዚህ ጥሩ ይሠራሉ። አዲስ ሽቦም አይፈልጉም።

ሱቅ። ሱቅ ውስጥ ሴንሰር አትግጠሙ። ባለሱቁ ዕቃው እንዲታይለት ይፈልጋል። የማሳያ መስኮቱን ብቻ በታይመር አድርጉለት።

የውጭ መብራትና ታፔላ። ፎቶሴልና ታይመር አንድ ላይ። ፎቶሴሉ ሲመሽ ያበራል፣ ታይመሩ ሌሊት ላይ ያጠፋል። ለጥበቃ የሚያስፈልገው መብራት ግን በፎቶሴል ብቻ እስኪነጋ ይቆይ። ፎቶሴሉ ራሱ የሚያበራውን መብራት እንዳያይ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ካየ ሲበራ ሲጠፋ ያድራል።

6. አገጣጠም

ይህ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ላለው ኤሌክትሪሽያን የሚሰጥ ነው። ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ ከሆናችሁ ግን ምን መጠየቅና ምን ማየት እንዳለባችሁ ለማወቅ አንብቡት።

መጀመሪያ ደህንነት። መብራት ሄዷል ብላችሁ መስመር አትንኩ። ጄኔሬተሩ በራሱ የሚነሳ ከሆነ በሰከንዶች ውስጥ መስመሩ ላይ 220 ቮልት ይመጣል። የምትሠሩበትን መስመር ብሬከር አጥፉ፣ ቆልፉት ወይም ማስጠንቀቂያ ለጥፉበት፣ ከዚያ በቴስተር አረጋግጡ። ጄኔሬተር ላለው ሕንፃ ይህ ቅደም ተከተል የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

አብዛኛው የኮርኒስ ሴንሰር ሦስት ሽቦ ይፈልጋል። ኤል ላይ ፌዝ ይገባል፣ ኤን ላይ ኒውትራል ይገባል፣ ሦስተኛው ወደ መብራቱ የሚሄድ ነው። ችግሩ የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ኒውትራል የለም። እዚያ ያለው ፌዙና ወደ መብራቱ የሚመለሰው ሽቦ ብቻ ነው። ስለዚህ የሴንሰሩን ኃይል ከኮርኒሱ በላይ ካለው መገናኛ ሳጥን ውሰዱ፤ ኒውትራሉ እዚያ አለ። ኒውትራሉን ከሌላ መስመር አትዋሱ። ፍሳሽ ተከላካይ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ የሚያጠፋ) ካለ ወዲያው ይጥላል። ከሌለ ደግሞ ብሬከሩ ጠፍቷል ብሎ የሚሠራውን ባለሙያ ይይዘዋል።

ረጅም ኮሪደር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሴንሰሮች አንድ መስመር እንዲያበሩ ማድረግ ይቻላል። መውጫዎቻቸው አንድ ላይ ይታሠራሉ። ሁሉም ግን ከአንድ ፌዝ መመገብ አለባቸው። አንዱ ከቀይ፣ ሌላው ከቢጫ ፌዝ ከመጣ ሁለቱም በበሩባት ቅጽበት በሁለት ፌዝ መካከል ሾርት ይፈጠራል።

ቀጥሎ የጭነት ጉዳይ። ሴንሰሩ ካርቶን ላይ 1,200 ዋት የሚል ታነባላችሁ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ለድሮው አምፖል ነው። ከሥሩ በትንሽ ጽሑፍ ለኤልኢዲ 300 ዋት ይላል። ምክንያቱ የኤልኢዲ ድራይቨር ሲነሳ ለቅጽበት የሚስበው ኃይል ከመደበኛው ብዙ እጥፍ መሆኑ ነው። ሃያ ድራይቨር በአንዴ ሲነሳ የሴንሰሩ ትንሽ ሪሌይ (ውስጡ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ) ይግልና ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ መብራቱ በርቶ ይቀራል፤ ሰውም «ሴንሰር አይረባም» ይላል።

ስለዚህ ከጥቂት ፓናሎች በላይ ካለ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ፣ ትልቅ ጭነት የሚችል ማብሪያ ማጥፊያ) ጨምሩ። የሴንሰሩ መውጫ ወደ ኮንታክተሩ ጥቅል (ኮይል) አንድ ጫፍ ይሂድ፣ ሌላኛው ጫፍ ኒውትራል ይሁን። የመብራቱ ፌዝ ከብሬከሩ ተነስቶ በኮንታክተሩ ዋና መገናኛ በኩል ይለፍ። ያኔ ሴንሰሩ የሚሸከመው የጥቅሉን ትንሽ ጭነት ብቻ ነው። ጥቅሉ 220 ቮልት መሆኑን ሳታዩ አትግዙ።

መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር የሚደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ቦርዱ ላይ የሰርጅ (ድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ) መከላከያ አስገቡ። ድራይቨሮቹንም ሰፊ የቮልቴጅ መጠን የሚችሉ አድርጋችሁ ምረጡ።

7. ታይመር

ታይመር ርካሽና አስተማማኝ ነው፤ ሁለት ነገር ግን ያበላሹታል።

አንደኛው ባትሪ ነው። ውስጡ የመጠባበቂያ ባትሪ የሌለው ታይመር መብራት በሄደ ቁጥር ይቆማል። ሦስት ሰዓት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ከሳምንት በኋላ የግቢው መብራት ቀን በርቶ ማታ ይጠፋል። ስትገዙ መጠባበቂያ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከቻላችሁ እዚያው ነቅላችሁ ሰዓቱ መቀጠሉን እዩ።

ሁለተኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ታይመሩ በፈረንጅ 24 ሰዓት ነው የሚሠራው። የእኛ ቀን 6 ሰዓት እሱ ላይ 12:00 ነው። የእኛ ምሽት 12 ሰዓት 18:00 ነው። ምሽት 2 ሰዓት 20:00፣ እኩለ ሌሊት 6 ሰዓት 00:00፣ ሌሊት 11 ሰዓት 05:00፣ ንጋት 12 ሰዓት 06:00 ነው። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ታይመሩ አጠገብ ለጥፉት። ታይመሩን የሚነካው ብዙ ጊዜ የጥበቃ ወይም የጥገና ሠራተኛ ነው። ማንም ሳይነግረው ለምሽቱ 12 ሰዓት 12:00 ቢሞላ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ለቢሮ ወለሎች ሳምንታዊ ፕሮግራም የሚይዝ ምረጡ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን፣ እሑድ ዝግ የሆነ ቢሮ እንደ ሰኞ መብራት የለበትም። አምሽቶ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ለሁለት ሰዓት የሚያበራ ተጫኝ ቁልፍ ኮሪደሩ ላይ አድርጉ።

8. ትልቁ ሲስተም መቼ ያስፈልጋል?

ወለሉ ሰፊ ከሆነ፣ ተከራይ በተቀያየረ ቁጥር ክፍፍሉ የሚፈርስ ከሆነ፣ ብርሃኑም ቀስ ብሎ እንዲደበዝዝ ከተፈለገ ዳሊ የሚባለውን ዘዴ አስቡበት። በሁለት ቀጭን የመልእክት ሽቦ እስከ 64 ድራይቨር ያገናኛል። እያንዳንዱ የራሱ አድራሻ አለው። እስከ 16 ቡድን መመደብ ይቻላል። ግድግዳው ሲፈርስ ሽቦ አትቀይሩም፤ ቡድኑን ነው የምትቀይሩት። ባለ አምስት ሽቦ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ይበቃል፦ ፌዝ፣ ኒውትራል፣ ግራውንድና ሁለቱ የመልእክት ሽቦዎች። በዚህ ገመድ ርቀቱ ከ300 ሜትር እንዳይበልጥ። የመልእክት ሽቦው ቮልቴጁ ትንሽ ቢሆንም እንደ 220 ቮልት መስመር ተጠንቅቃችሁ ያዙት።

መብራትን፣ መጋረጃንና የአየር ማቀዝቀዣን አንድ ላይ ማስተዳደር የሚፈልግ ትልቅ ሆቴል ወይም ባንክ ኬኤንኤክስ የሚባለውን የሕንፃ መቆጣጠሪያ ሲስተም ይመርጣል። ለተራ የቢሮ ሕንፃ ግን ይበዛል ባይ ነኝ።

ከሁለቱ የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ነገር ውል ውስጥ አስገቡ። ሥራው ሲያልቅ ኮንትራክተሩ የፕሮግራሙን ፋይልና የይለፍ ቃሉን ያስረክባችሁ። የመጨረሻው ክፍያ ከዚያ በኋላ ይፈጸም። ፋይሉን ይዞ የሄደ ባለሙያ ሲጠፋ አንድ ማብሪያ ለመቀየር ሲስተሙን ከዜሮ መሥራት ይመጣል።

9. ማስተካከል

ገጥሞ መሄድ ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው። ከፋብሪካ እንደመጣ የተተወ ሴንሰር ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል።

አብዛኛው ሴንሰር ላይ ሦስት ትንንሽ መዞሪያ አለ። ታይም የቆይታ ጊዜ ነው። ለክስ ምን ያህል ሲጨልም ማብራት እንደሚጀምር ይወስናል። ሴንስ የሚያይበትን ርቀት ይወስናል። መጀመሪያ ታይምን ትንሹ ላይ፣ ለክስን ቀንም እንዲሠራ ትልቁ ላይ አድርጉና በክፍሉ ዙሪያ ሂዱ። የት እንደሚይዝ፣ የት እንደሚስት ወለሉ ላይ በቾክ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እጃችሁን ብቻ እያንቀሳቀሳችሁ ጻፉ። መራመድን የሚያይ ሴንሰር ቁጭ ያለን ሰው ላያይ ይችላል፤ ቢሮ ውስጥ የሚያስፈልገው ደግሞ ይኼኛው ነው። ካልያዘ ሌላ ጨምሩ ወይም ቦታውን ለውጡ። ከአየር ማቀዝቀዣ አፍና ቀጥታ ፀሐይ ከሚያርፍበት ቦታም አርቁት።

ሲያልቅ ታይምን ወደ መደበኛው መልሱ። ኮሪደር 5 ደቂቃ፣ ቢሮ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጥሩ መነሻ ነው። የአሜሪካው የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር (አሽሬ) ደረጃም ሰው ከወጣ በኋላ ከ20 ደቂቃ ያልበለጠ ይላል።

የቀን ብርሃንን የሚከተለው ሴንሰር ማታ ወይም መጋረጃ ተዘግቶ ነው የሚስተካከለው። መብራቱ ብቻውን ጠረጴዛው ላይ 500 ለክስ እንዲሰጥ አድርጉና ያንን ደረጃ መዝግቡለት። በነጋታው ፀሐይ ሳለ መጥታችሁ እንደገና ለኩ። ደመና ሲያልፍ መብራቱ እየዘለለ ሰው እንዳያስቸግር የለውጡን ፍጥነት ቀስ አድርጉት።

በመጨረሻ ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ መልሱ። ብዙ ሴንሰሮች ኃይል ሲመለስላቸው ለአጭር ጊዜ ሁሉንም ያበራሉ፣ ከዚያ ይረጋጋሉ። በጄኔሬተርም እንዲሁ ሞክሩት። ሁሉም ወለል በአንዴ ሲነሳ ጄኔሬተሩ ከተጨነቀ ወለሎቹን በሰከንዶች ልዩነት የሚያስነሳ ሪሌይ ጨምሩ።

10. ሰዎቹ

ሴንሰሩ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ካያችሁ ለጣፊውን አትቆጡ፤ ምን እንደተቸገረ ጠይቁት። ወይ ቆይታው አጥሯል፣ ወይ ሴንሰሩ ያለቦታው ነው። አስተካክሉለትና ፕላስተሩን ራሱ ያነሳዋል።

የጽዳት ሠራተኞች ጠዋት ሁሉንም ወለል አብርተው እንዳይጀምሩ ወለል በወለል እንዲሄዱ ተስማሙ። የጥበቃ ሠራተኞች የትኛው መብራት ሌሊት መብራት እንዳለበት በጽሑፍ ይኑራቸው። ተከራይ ኮርኒስ ሲነካ ወይም ግድግዳ ሲጨምር ቀድሞ እንዲያሳውቅ የኪራይ ውሉ ላይ አንድ መስመር አስገቡ። አዲስ ግድግዳ የሴንሰሩን እይታ ይቆርጠዋል።

ለጋራ መብራቱ ለብቻው የምትነበብ ንዑስ ቆጣሪ አስገቡ። ሥራው ሳይጀመር አራት ሳምንት፣ ካለቀ በኋላ አራት ሳምንት፣ በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት አንብቡ። በዓል ያለበትን ሳምንት ለይታችሁ ያዙ። ከጊዜ በኋላ ቁጥሩ ከፍ ማለት ከጀመረ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የተጣበቀ ሪሌይ ነው፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ዙራችሁ ፈልጉት። በየሦስት ወሩ የሴንሰሮቹን ፊት በደረቅ ጨርቅ አብሱ፤ ቤዝመንት ላይ አቧራና የመኪና ጭስ ስለሚሸፍናቸው በየወሩ ይሁን። የተከለሰውን የመስመር ሥዕል ደግሞ በፕላስቲክ አድርጋችሁ በየወለሉ ቦርድ በር ውስጥ ለጥፉት፤ በአንድ ጥግ ላይም የተስተካከለበትን ቀንና የእያንዳንዱን ሴንሰር የቆይታ ጊዜ ጻፉበት።